አመለኛ ላምና ተዋጊ በሬ ስንይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

እኔ ከከብት ጋር ነው ያደግኩት፣ አሁንም ጠዋት ማታ በረት ውስጥ ነኝ፣ እና ሰው ተወጋ ወይ ተረገጠ ሲባል ነገሩን ወደኋላ ሄጄ ሳስበው ብዙ ጊዜ ከብቱ ቀድሞ ምልክት ሰጥቶ ነበር፣ ያላየነው እኛ ነን። ስለዚህ እኔም የሠራኋቸውን፣ ሌላውም ሰው ሲሠራ የማያቸውን ስህተቶች እንደመጣልኝ ልጻፍላችሁ።

የሁሉም የከፋው ወንድ ጥጃን እንደ ጓደኛ ማሳደግ ነው። ገና ትንሽ እያለ ግንባሩን በእጃችን ገፋ እናረገዋለን፣ እሱም መልሶ ይገፋናል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ ደስ ይላል፣ ግን እኮ ለሱ ይሄ ጉልበት መለካት የሚማርበት ነው። ከሌሎች ጥጃዎች ተለይቶ በጡጦ ያደገ ከሆነማ ሰውን እንደራሱ ዘር ነው የሚያየው፣ እና አመት ተኩል ሁለት አመት ሲሆነው የሚፎካከረው ከከብት ጋር ሳይሆን ከናንተ ጋር ነው። "የኔ ኮርማ ለማዳ ነው፣ በእጄ ነው ያሳደግኩት" የሚል ሰው ስሰማ በጣም እፈራለታለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈራ ኮርማ መሸሻ ካገኘ ይሸሻል፣ የማይፈራው ግን ይመጣል። ወንድ ጥጆችን አንድ ላይ አሳድጓቸው፣ ግንባራቸውን አትንኩ፣ ለእርባታ የማትፈልጉትን በጊዜ አኮላሹት። አንዴ ሰው የወጋ ኮርማ ደግሞ ይለወጣል ብላችሁ አታቆዩት፣ ይደግመዋል።

ኮርማው ሳይመጣ በፊት የሚያሳየውን አለማወቅም አለ። መጀመሪያ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ ጀርባውን ጎበጥ አንገቱን ወፈር አርጎ፣ ትልቅነቴን እዩልኝ ነው። ከዛ ዞሮ ጭንቅላቱን ዝቅ ያረጋል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ አፈር ይጭራል፣ ያጓራል። ጎኑን ሲሰጣችሁ ነው መውጣት ያለባችሁ፣ አፈር እስኪጭር መጠበቅ አያስፈልግም። ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ግን አይሆንም፣ በሩጫ አትቀድሙትም፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ እያላችሁ ወደ አጥሩ ማፈግፈግ ነው። ለዚህም ነው በረት ከመግባታችሁ በፊት በየት እንደምትወጡ ማየት ያለባችሁ።

ሌላው፣ ህመምን አመል ነው ብሎ መምታት። አንድ ቡሬ ላም ነበረችን፣ ለአመታት ስትታለብ ንቅንቅ የማትል፣ ድንገት መራገጥ ጀመረች፣ እኛም እግሯን አስረን በዱላ ጭምር አለብናት፣ ሲጨንቃት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። በሶስተኛው ቀን ቁጭ ብዬ ጡቷን አንድ በአንድ ሳይ የኋላ ቀኝ ጡቷ ላይ ከጥፍር ያነሰች ስንጥቅ አለች፣ ዳሯ ደርቆ መሀሏ ቀይ፣ ገና አውራ ጣቴ ሲነካት የሆዷ ቆዳ ተንቀጠቀጠ። ቅባት እየቀባን ቀስ ብለን ስናልባት ተወችው። እስካሁን ያ ዱላ ይቆጨኛል። አንዱ የጡት ክፍል ትኩስ ሆኖ ከደደረ ወይም ወተቱ ፍርፍር ካለው ደግሞ የጡት በሽታ ነውና ሐኪም ጥሩ። በነገራችን ላይ ላም እንደ ፈረስ ወደኋላ ብቻ አይደለም የምትረግጠው፣ እግሯን ወደፊትና ወደጎን አዙራ ነው፣ ስለዚህ ከኋላ እግሯ ጎን በአንድ ክንድ ርቀት መቆም መጥፎ ቦታ ነው፣ ወይ ጎኗ ላይ ተለጠፉ ወይ በደንብ ራቁ።

ሳይናገሩ ከኋላ መምጣትም እንደዛው ነው። ከብት ዓይኑ በጎን ስለሆነ ከ300 ዲግሪ በላይ ዙሪያውን ያያል፣ ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም፣ እና ድንገት ስትነኩት ይመታል። ድምፅ አሰሙ፣ በጎን ቅረቡ። ስትነዱም ከትከሻው ወደኋላ ስትሆኑ ወደፊት ይሄዳል፣ ከትከሻው ስትቀድሙት ይቆማል ወይ ወደኋላ ይላል፣ ይሄን ያወቀ ሰው ዱላ ብዙም አያስፈልገውም።

ጩኸት ምንም አይጠቅምም። ከብት አልሄድም ካለ ፊት ፊቱን እዩ፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ጨርቅ፣ መሬት ላይ ጥላ፣ የሚያብረቀርቅ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ቴምፕል ግራንዲን የሚባሉት የአሜሪካ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ከብት የሚያስፈራውን ለማየት ራሳቸው መተላለፊያው ውስጥ ገብተው በከብቱ ዓይን ከፍታ ነበር የሚያዩት። ከተሸበረ ደግሞ ለመረጋጋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ እና በዛ ሰአት ከመታገል ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይሻላል። ከመንጋው ለብቻው የተነጠለ ከብትም ለሰው አደገኛ ነው፣ አንድ ሁለት ጓደኛ አብሮት ይነዳ።

የወለደች ላምና ጥጃዋ መሀል አትግቡ፣ ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ፣ ላሟ ውሻውን ታባርራለች፣ ውሻው ወደናንተ ይሸሻል። ገመድ እጃችሁ ላይ አትጠቅልሉ፣ ጣት የሚቆረጠው በዛ ነው።

የመጨረሻው ጥቂት ሰው የሚያስበው ነው። ሰላማዊ የነበረ ከብት በአንድ ሁለት ቀን ተለውጦ ሰው ማባረር ከጀመረ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ተሰንቅሯል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለይታችሁ ዝጉበት፣ ወተቷን አትጠጡ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ምራቁ ቁስል ወይ ዓይን ከነካችሁ ቦታውን ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ቁስሉን በሳሙና ዓይኑን በንጹህ ውሃ፣ ከዛ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።