መጀመሪያ ስፌት መኪናው ላይ ይቀመጡ፦ የአዋቂዎች የስፌት ሥልጠና ሲላበስ ላይ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት አሰልጣኝ «እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ሲላበሱን፣ ማለት የሥልጠና ዕቅዱን፣ ላከልኝ። ለአዋቂዎች የሚሰጥ የሦስት ወር የማታ የልብስ ስፌት ሥልጠና ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ ግን ሳቄ መጣ። «ሳምንት 1፦ የልብስ ስፌት ትርጉም፣ ታሪክና ጠቀሜታ። ሳምንት 2፦ የስፌት መኪና ዓይነቶችና ክፍሎች። ሳምንት 3፦ የሥራ ቦታ ደኅንነት።» ሰልጣኞቹ መኪና ላይ የሚቀመጡት በአራተኛው ሳምንት ነው።

በእሱ አይደለም የሳቅሁት። የዛሬ 14 ዓመት እኔ የጻፍኩት ሲላበስም ቁርጥ ይሄው ነበር። እንዲያውም የእኔ የልብስን ታሪክ ከአዳምና ከሔዋን ቅጠል ነበር የሚጀምረው።

ከትርጉም መጀመር

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆጣ፤ ስንቱን ሰልጣኝ እንዳባረረ ስለማውቅ ነው።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ክፍላችሁ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የዋለች አለች። ጥበቃ አድሮ፣ ጥቂት ተኝቶ የመጣ አለ። ከቤይሩት ወይም ከዱባይ ተመልሳ፣ ያጠራቀመችው ብር ሳያልቅ አንድ ሙያ ልትይዝ የምትሯሯጥ አለች። ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው የደረሰችው። እኛ ደግሞ ሰሌዳው ፊት ቆመን «ስፌት ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ጨርቆችን…» እንላታለን። ስፌት ምን እንደሆነ መች ጠፋት? ለብሳው ነው የመጣችው።

ልጅ ክፍል ውስጥ ቢሰለች የትም አይሄድም፣ ወላጅ አለበት። አዋቂ ሲሰለች አይከራከራችሁም፣ አያማርርም። ሰኞ ይቀራል። ረቡዕ «ልጄን አሞብኝ» ይላል። ከዚያ ስልኩ አይነሳም። የመጀመሪያው ክፍሌ በ22 ሰው ተጀመረ። በአራተኛው ሳምንት የመኪናዎቹን ሽፋን ስናነሳ 9 ሰው ነበር የቀረው። «ሰዉ ፍላጎት የለውም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ሪፖርቱ አሁንም እቤት አለ፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

አሁን የመጀመሪያው ቀኔ እንዲህ ነው። መስመር ካለው ደብተር ወረቀት እገነጥላለሁ። ከመኪናው ላይ ክሩን አወጣለሁ። ሰልጣኟ ትቀመጥና ባዶውን መርፌ በወረቀቱ መስመር ላይ ትነዳዋለች። መጀመሪያ ቀጥታ፣ ቀጥሎ ጥግ ላይ ማዞር፣ ከዚያ በቡና ስኒ አፍ የተሠመረ ክብ። የእግር መኪና ከሆነ መከራው እግር ላይ ነው፤ መንኮራኩሩ ድንገት ወደ ኋላ ይሄድባቸዋል። ክር ቢኖርበት ይበጠስ ነበር። ወረቀት ላይ ግን የሚበላሽ ነገር የለም። ቀዳዳዎቹ ተሰልፈው ይታያሉ፣ የጠመመውም ይታያል። ብዙዎቹ ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል።

በሁለተኛው ቀን ክር ይገባል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከአቡጀዴ የሰፉትን የትራስ ልብስ ይዘው ይሄዳሉ። የትራስ ልብስ የመረጥኩት ስፌቱ ሁሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። ደግሞም ቤት ውስጥ ሰው ያየዋል።

የመኪናው ክፍሎችስ? ክር ሲበጠስ ይማሯቸዋል። ክር እየተበጠሰባት «የቱ ነው የሚጠብቀው?» ብላ የጠየቀች ሰው የክር ማጥበቂያውን ስም አትረሳም። ደኅንነትም ሦስት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ጸጉር ይታሰር፣ ነጠላ ይውለቅ፣ ጣት ከመርፌው ይራቅ፣ መርፌ ሲቀየር መኪናው ከሶኬት ይነቀል። አምስት ደቂቃ ነው፤ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይነገራል፣ በየቀኑም ይደገማል።

የወረቀት ሰዓት

ሲላበሱ «72 ሰዓት ሥልጠና» ይላል። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። ሒሳቡ ልክ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ያለው 18 ሰልጣኝና 6 መኪና ነው። ለአንድ መኪና ሦስት ሰው ደረሰ። 72 ለሦስት ሲካፈል 24። ከዚህ ላይ እኛ ቆመን የምናወራበትን ሲሶ ቀንሱ። 16 ሰዓት ቀረ። መብራት የጠፋበትን ማታ ገና አልቆጠርንም።

16 ሰዓት ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሰልጣኟ ሦስት ወር ተመላልሳ ሁለት ቀን ነው የሰፋችው። ከዚያ «ሰርተፊኬት ይዛ ቀሚስ መስፋት አቃታት» ብለን እንገረማለን።

ስለዚህ ሲላበስ ከመጻፋችሁ በፊት መኪና ቁጠሩ። የሚሠራውን ብቻ፤ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን አትቁጠሩ። እኔ ክፍሉን ለሦስት እከፍለዋለሁ። አንዱ ቡድን መኪና ላይ ነው። አንዱ ልክ ይወስዳል፣ ፓተርን (የልብሱን ቅርጽ በወረቀት) ያወጣል፣ ጨርቅ ይቆርጣል። ሦስተኛው በእጅ ቁልፍ ይተክላል፣ ግርጌ ያጥፋል፣ ይተኩሳል። በ40 ደቂቃ ይቀያየራሉ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ የማወራበት ጊዜ ስለጠፋ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ማውራት እወዳለሁ። የእግር መኪና ካላችሁ ደግሞ «አሮጌ ነው» ብላችሁ አትሽጡት። መብራት ሲጠፋ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አጠገቡ ከተቀመጠለት፣ ማታችሁን የሚያተርፈው እሱ ነው።

«ይረዳል»፣ «ያውቃል»

ሲላበሱ «ሰልጣኙ የዚፕ አገጣጠምን ይረዳል» ይላል። መረዳቱን በምን አያችሁት? «ቀሚስ ጀርባ ላይ ዚፕ ይገጥማል፤ ጨርቁ አይጨማደድም፣ ዚፑ ሲከፈትና ሲዘጋ ጨርቅ አይነክስም» ብላችሁ ጻፉት። ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና እንኳ ሰውን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው የሚለው።

የሙያ ደረጃ ሰነዱን እንዳለ ወደ ሲላበስ መቅዳት

ሰነዱ ሰልጣኙ መጨረሻ ላይ ምን መቻል እንዳለበት ይነግራችኋል። በየትኛው ሰኞ ምን እንደምታስተምሩ ግን አይነግራችሁም። ቅደም ተከተሉ የእናንተ ሥራ ነው።

«መነጽሬን ረሳሁት»

በሁለተኛው ዙሬ ዕድሜያቸው 50ን ያለፈ አንዲት እናት ነበሩ። እኔ 40 ገጽ ሞጁል አባዝቼ አድያለሁ፤ ግማሹ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እሳቸው ሁልጊዜ «ልጄ፣ መነጽሬን ረሳሁት፣ አንቺው አንብቢልኝ» ይሉኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መነጽራቸውን የሚረሱ ሴት ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ልክ ሲወስዱ አየኋቸው። ሜትሩን ትተው ሲባጎ ይዘዋል። ደረት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ወገብ ላይ ሁለት፣ ዳሌ ላይ ሦስት። ያን ዙር በልክ የገባ ቀሚስ የሰፉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ኋላ ቡና ስንጠጣ ነገሩኝ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ ቤታቸው የሚነበብ ነገር አልገባም፤ ፊደሉም ቀስ በቀስ ሄደ። እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ በየተራ ተነሥታችሁ አንብቡ እል ነበር! አዋቂን በሰው ፊት ጮክ ብለህ አንብብ አትበሉት። በምንም ምክንያት።

አሁን ሞጁሌ ግድግዳ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ወይም አምስት ቁራጭ ጨርቅ ሰሌዳ ላይ ተሰክቷል። ኪስ ከሆነ፣ የተቆረጠው፣ ጠርዙ የታጠፈው፣ የተተኮሰው፣ የተሰፋው በቅደም ተከተል። የጠፋበት ሰው ተነሥቶ ሄዶ ይነካካዋል፣ ገልብጦ ያየዋል። የምሰጠው ወረቀት አንድ ገጽ ነው፣ አብዛኛው ሥዕል ነው። ቁጥር ግን ግድ ነው። ሜትር ማንበብ ያልቻለ ሰው ካለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሌላው ሰው ለብቻ ይዤው አስተምረዋለሁ።

ካላንደር አለማየት

አንድ ጊዜ ዚፕን ያህል ትምህርት ጥምቀት ሳምንት ላይ አስቀመጥኩ። የመጡት ሰባት ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ ቶሎ ወጡ። ጥር ሰርግ አለ። ረመዳን ላይ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ማፍጠሪያ ነው፤ የዚያን ወር ክፍል ወደ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ማዞር ይሻላል። ከሁሉም በላይ ሥልጠናው መቼ እንደሚያልቅ አስቡ። ሐምሌ ላይ የጨረሰ ሰው ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ ላይ ይደርሳል። ጥቅምት ላይ የጨረሰ ሰው አዲሱን ሙያውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ ያልተሠራበት እጅ ደግሞ እንደ እኚያ እናት ፊደል ቀስ በቀስ ይሄዳል።

ቀርቶ የመጣ ሰው መግቢያ ሲያጣ

ለቅሶ ይኖራል። ልጅ ይታመማል። የዛሬው ትምህርት የትናንቱን ካልያዘ የማይገባ ከሆነ፣ ሁለት ቀን የቀረ ሰው በዚያው ይቀራል። እኔ አራት የትምህርት ቀን አስተምሬ አምስተኛውን ባዶ እተወዋለሁ። አዲስ ነገር የለም፤ የቀረ ያሟላል፣ የደረሰ የራሱን ይሰፋል። አስተዳደሩ «ይሄ ባዶ ቀን ምንድነው?» ሲለኝ «የተግባር ማጠናከሪያ» ብዬ ጻፍኩበት። ማንም ድጋሚ አልጠየቀኝም።

ሁለት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። በሦስት ወር ኮት አይሰፋም፣ ተዉት። የስፌት ፈተናም በወረቀት አይፈተንም፤ ልብሱን ገልብጡት፣ ውስጡ ሁሉንም ይናገራል።

ዋጋ ማውጣትን መርሳት

ይህን እስከ ካቻምና ድረስ እሠራው ነበር። አንዲት ሰልጣኝ የመጀመሪያ ሽርጧን ቡና ለምታፈላ ጎረቤቷ በ200 ብር ሸጣ እየሳቀች መጣች። ጨርቁ ስንት ነበር? 160። ክርና ማሰሪያው? 25። የቀረው 15 ብር ነው፣ ሽርጡ ደግሞ ሁለት ማታ ፈጅቷል። ስፌቱ እንከን የለውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሲላበሴ ውስጥ ዋጋ የሚል ቃል አልነበረም።

አሁን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንቶች ላይ ሁሉም በሠራው ልብስ ላይ ዋጋ ይለጥፋል። ጨርቅ፣ ክር፣ መብራት፣ ከዚያ የራሱ ሰዓት። የዓመቱ ጩኸት የበዛበት ክፍል ይሄ ነው። «ቲቸር፣ ጎረቤቴን እንዴት ብዬ ይሄን ያህል እላታለሁ?» ይባላል። ባለፈው ዙር አንድ ጥበቃ የሚሠሩ ጋሼ ሽርጣቸው ላይ 350 ብለው ለጠፉ። ክፍሉ «ማን ይገዛዋል?» ብሎ ሳቀ። እኔ ገዛሁት። ኪሱ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ወጥ ስሠራ የማስረው እሱን ነው።