«ገና ነው» ስንል የሚያመልጠን የኮሌጅ ቦታ

የአሜሪካ ክረምት አጋማሽ ላይ ሲደርስ፣ ጃንዩዋሪ ገደማ፣ ስልኬ ይጠራል። «ልጄ አፕላይ ልታደርግ ነው፤ ኮሌጁ እስከ ጁን ይቀበላል ብለውናል።» አዎ፣ ይቀበላል። ግን እስከዚያ ምን ቦታ ይተርፈዋል?

ሮሊንግ አድሚሽን ያለው ኮሌጅ ማመልከቻውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቀን መልስ አይሰጥም። እንደደረሰው እያየ ይመልሳል። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲና አሪዞና ስቴት ለዓመታት በዚህ አሠራር ይታወቃሉ።

ትልቁ ስህተት «ዴድላይን የለውም» ብሎ መተኛት ነው። ኧረ እባካችሁ! የኮሌጁ በር ክፍት ሆኖ የትምህርት ክፍሉ በር ሊዘጋ ይችላል። በተለይ ነርሲንግ። የኛ ልጆች ነርሲንግ ይወዳሉ፤ ወላጆቻቸው ደግሞ ከልጆቹ በላይ። የሆስፒታል ልምምድ ቦታ ውስን ስለሆነ ነርሲንግ ቶሎ ይሞላል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ጃንዩዋሪ መጨረሻ ላይ አመለከተች። ኮሌጁ ተቀበላት፤ ነርሲንግ ግን ስለሞላ ሌላ ሜጀር ምረጪ አላት። እናቷ «ተቀብለዋት የለ እንዴ?» እያሉ ነገሩ ሊገባቸው አልቻለም።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ብዙ ኮሌጆች ለስኮላርሺፕና ለኦነርስ ፕሮግራም (ለጎበዝ ተማሪዎች የተለየ ፕሮግራም) የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር ላይ ይውላል። ቀኑ የአድሚሽን ገጹ ላይ ላይኖር ይችላል። የስኮላርሺፕ ገጹንም ክፈቱ። ዶርምም ቢሆን ብዙ ቦታ ቀድሞ ለተመዘገበ ነው።

ታዲያ መቼ ይላክ? ኮመን አፕ፣ ማለትም ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ኦገስት 1 ይከፈታል። የማመልከቻው ድርሰት በእረፍት ጊዜ ካለቀ ሴፕቴምበር ጥሩ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ኦክቶበር አጋማሽ።

ይህን ስል ደግሞ ኦገስት 1 ሌሊት የሚልኩ አሉ። ድርሰቱን ማንም አላየውም፤ የኮሌጁ ስም ሳይቀር የሌላ ኮሌጅ ነው! የ11ኛ ክፍል ውጤቱ ዝቅ ብሎ አሁን እያገገመ ያለ ልጅ ካለ ግን መጠበቅ ያዋጣዋል። የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ውጤት ኖቬምበር አካባቢ ሲወጣ አብሮ ይላክ። ቀድሞ ልኮ ውድቅ ከመደረግ ይሻላል።

«ሳብሚት» መጫን መጨረሻ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። አንድ አባት ልጃቸው ሴፕቴምበር ላይ መላኩን ለዘመድ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ዲሴምበር ላይ ፖርታሉን፣ ማመልከቻው የት እንደደረሰ የሚታይበትን የኮሌጁን ገጽ፣ አብረን ከፈትን። «ትራንስክሪፕት፦ አልደረሰም» ይላል፤ የሃይስኩል ውጤቱ ማለት ነው። ልጁ እንዲላክለት የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) አልጠየቀም፤ ፖርታሉንም ከፍቶ አያውቅም። ሰነዱ ያልተሟላ ፋይል አብዛኛው ኮሌጅ አያየውም። ስለዚህ ሰልፍ የያዛችሁት ሁሉም ሲሟላ ነው።

ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ቅጽ) እስኪሞላ ብላችሁ ማመልከቻውን አታቆዩ። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ፋፍሳ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ መሙላት ይችላል፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ግን የፌዴራል እርዳታ ስለማያገኝ ስቴቱ የራሱ ቅጽ እንዳለው ይጠይቅ። ሜሪላንድ አለው።

ኦክቶበር ላይ «ተቀብለንሃል» ሲባል በደስታ ወዲያው መወሰንም አያስፈልግም። ብዙዎቹ እስከ ሜይ 1 ይጠብቃሉ፤ የሌሎቹን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ አወዳድሩ።

ኤፕሪል ላይ ከሁሉም ውድቅ ሆኖ ቤት የተቀመጠ ልጅ ካለ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። በዚያ ሰዓት ቦታ የቀራቸው ሮሊንግ ኮሌጆች አሉ። ኢሜይል እየጻፋችሁ አትጠብቁ፤ ደውሉና የትኛው ሜጀር ክፍት እንደሆነ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ሆኖ የሚያመለክት ዘመድ ካላችሁ ግን ኤፕሪል ለእሱ በጣም ዘግይቷል። ከተቀበሉት በኋላ የስፖንሰሩን የባንክ ማስረጃ መላክ፣ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ኮሌጁ የሚሰጠው ቅጽ) መጠበቅ፣ 350 ዶላር የሴቪስ ክፍያ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ክፍያ) መክፈል፣ ከዚያ የኤምባሲ ቀጠሮ አለበት። እሱ ሴፕቴምበር ሳያልቅ ማመልከቻውን ይላክ፤ የባንኩንም ወረቀት ከአሁኑ ያዘጋጅ።