ቀላሉን መጽሐፍ አትናቁት

ልጃችሁ ፊደል ለይቶ ማንበብ ከጀመረ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከችሎታው ትንሽ ዝቅ ያለ መጽሐፍ ስጡት። በገጽ ሁለት ሦስት መስመር፣ ተለቅ ያለ ጽሑፍ፣ ሥዕል ያለበት።

ብዙ ወላጅ «ይሄማ የሕፃን ነው» ብሎ ከባዱን ይገዛል። እኔም ለልጄ እንደዚያው አድርጌ ነበር። ፊደል በፊደል እየጠራች መስመሩ መጨረሻ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። ኋላማ «ነይ እናንብብ» ስላት መደበቅ ጀመረች። አንጀቴን በላችው።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ልጁ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። «ገና»ም ያው ነው፤ በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም»? ስለዚህ በዙሪያው ያሉት ቃላት ቤት ውስጥ የሚሰማቸው ይሁኑ። ውጭ አገር ለሚያድጉና አማርኛን ከቤት በቀር ለማይሰሙ ልጆች ይሄ የግድ ነው።

መለኪያዬ እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። በተሰናከለ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉን ለጊዜው መልሱት። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ይሆነዋል።

ያንኑ መጽሐፍ አሥር ጊዜ ልድገመው ቢል አትከልክሉት። ሸምድዶት ቢሆንም ግድ የለም፤ ብቻ ጣቱን ከሚያነበው ቃል ሥር እያስኬደ ይሁን። የኔዋ አሁን ማታ ማታ ለታናሽ ወንድሟ ታነብለታለች።