ንግድ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንግድ ሊጀምር ያሰበ ሰው ሁሉ «ምን ልሥራ?» እና «ብሩን ከየት ላምጣ?» ይላል። «እኔስ ምን ያህል ዝግጁ ነኝ?» የሚለው ግን ይረሳል። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከአለቃ ለመሸሽ ብሎ መግባት

በንዴት መልቀቂያ ያስገባ ሰው የሚሸሸውን እንጂ የሚሄድበትን አያውቅም። ንዴቱ ቶሎ ይበርዳል፤ የሱቅ ኪራይ ግን በየወሩ ይጠየቃል። ከተቻለ ደመወዝ ሳይለቁ በትርፍ ሰዓት መሞከር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሥራቸውን እንደያዙ ጀምረው ቆይተው ሙሉ በሙሉ የገቡበት ሰዎች፣ በአንዴ ለቀው ከገቡት ይልቅ ንግዱን የመተው ዕድላቸው በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር።

ካፒታል እስኪሞላ መጠበቅ

ብር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ግን ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። በአገራችን በተደረገ ጥናት ለወጣቶች 300 ዶላር ገደማና አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው ካልተሰጣቸው ወጣቶች በሲሶ ያህል በለጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ደግሞ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ተጠንተዋል። የሂሳብ አያያዝና የመሳሰለውን የተለመደ ሥልጠና የወሰዱት ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ማንም ሳይገፋቸው ቀድመው መንቀሳቀስን፣ ዕድል መፈለግን፣ እንቅፋት ሲገጥም መላ መፈለግን የሠለጠኑት ግን ትርፋቸው ምንም ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በለጠ። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ተነሳሽነት ሊለመድ ይችላል ማለት ነውና።

በይሉኝታ መነገድ

የእኛ ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል። ሰፈሯ ውስጥ ሱቅ የከፈተች ሴት እናስብ። ጠዋት የአክስቷ ልጅ ትመጣለች። «እህቴ፣ ይህን ዘይት መዝግቢልኝ፣ ደመወዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ።» ከሰዓት ጎረቤት ስኳር ይወስዳል። ማታ የእድር ሰብሳቢው ሳሙና። ዕቃው ይሸጣል፣ ሱቁ ሰው አያጣም። አከፋፋዩ መጥቶ ሂሳቡን ሲጠይቅ ግን መሳቢያው ባዶ ነው፤ ብሩ ያለው የዱቤ ደብተሩ ላይ ነው። እምቢ ማለት ያሳፍራታል። ያበደረችውን መጠየቅ ደግሞ ይብስባታል።

ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያኖረን እሱ ነው። ግን ከሱቁ ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም። በወር ለራስዎ ቁርጥ ያለ ደመወዝ ይመድቡ። ለዘመድ መስጠት ሲያምርዎ ከዚያ ይስጡ። ዱቤ የሚሰጡ ከሆነም ለአንድ ሰው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይናገሩ። በኋላ ሲባል ሰው ይቀየማል።

ሐሳብን መደበቅ

«ይሰርቁኛል» ወይም «ይስቁብኛል» እያሉ ዓመት መቆየት። ለማያውቅዎ ሰው አንድ ዕቃ ሸጠው ይሞክሩት።

የኪሳራ ልክ አለማበጀት

ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ ማቆም ከባድ ነው። «እስካሁን የወጣው ይባክናል» እየተባለ የእቁቡ ብር ይገባል፤ ከዚያ የወንድም፣ ከዚያ የጓደኛ። ስለዚህ ሳይጀምሩ፣ ልብ ሳይሞቅ፣ ቢጠፋ ቤተሰብ የማይጎዳበትን የብር መጠን ወረቀት ላይ ይጻፉና ለባለቤትዎ ያሳዩ። እዚያ ሲደርሱ ለማስታወስ የሚደፍር ሰው ያስፈልግዎታል።