ባሮሎን ቡፌ ላይ አታቁሙት

ቱሪን የምትኖር አክስቴ ከዓመታት በፊት ባሮሎ የሚባል የጣሊያን ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ ይዛልን መጣች። እናቴ ደስ ብሏት ሳሎን ቡፌው ላይ አቆመችው፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን። ስድስት ዓመት ሙሉ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ መቼ ነው የሚከፈተው?» ሲል ከረመ። የተከፈተው በእህቴ መልስ ቀን ነው። ቡሹ መክፈቻው ላይ ተፈረፈረ፣ ግማሹም ወደ ውስጥ ገባ። ወይኑ ቡናማ ሆኗል። ሽታው እሳት ላይ የተረሳ ፍራፍሬ ነው። አባቴ አንዴ ቀመሰና ብርጭቆውን ዝም ብሎ አስቀመጠው።

ወይኑ ጥሩ ወይን ነበር። ያበላሸነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ይህን ወይን በደንብ ለማወቅ ጥሬያለሁ። በየሰው ቤት ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ለጌጥ ማስቀመጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ወይን ብርሃን፣ ሙቀትና የሚለዋወጥ አየር አይወድም። ለባሮሎ የሚስማማው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አካባቢ የሆነ፣ ጨለማና ትንሽ እርጥበት ያለው ቦታ ነው። ክፍሉ ሲሞቅ ወይኑ ይለጠጥና ቡሹን ይገፋል። ሲበርድ ደግሞ ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ወይኑ ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ጠርሙሱን ማቆምም ችግር አለው። ቡሹ ወይን ካልነካው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አየር ያስገባል። የእኛም ቡሽ የተፈረፈረው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ አጋድማችሁ አስቀምጡት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ አየሩ ያግዛል። ፀሐይ የማይመታው ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ሥር ወይም አልጋ ሥር በካርቶን አጋድማችሁ ብታስቀምጡት ለጥቂት ዓመታት ይሆናል። ዱባይ ለምትኖሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ ለእረፍት አገር ቤት ስትመጡ ኤሲውን አጥፍታችሁ ትወጣላችሁ። ወይኑን የሚጨርሰው ያ አንድ ወር ነው። የወይን ፍሪጅ ከሌላችሁ ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ፤ ጠጡት።

የወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ለዓመታት መተውም አይሆንም። በጣም ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ደረቅ ነው።

የጣሊያን ቀይ ሁሉ ይቆያል ብሎ ማሰብ

አይቆይም። ባሮሎ በሚሠራበት በሰሜን ጣሊያኑ የፒየሞንቴ ክልል ውስጥ የሚሠራው ዶልቼቶ የሚባል ቀይ ባብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚጠጣ ወይን ነው። አሥር ዓመት ብታስቀምጡት ያማረ ነገር አታገኙም።

ባሮሎ የሚቆየው በተፈጥሮው ነው። ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ዘር ብቻ፣ በአልባ ከተማ አካባቢ ባሉ የላንጌ ኮረብታዎች ላይ፣ በ11 መንደሮች ክልል ውስጥ ይሠራል። ኔቢዮሎ ኮምጠጥ ይላል፤ ታኒኑም ብዙ ነው። ታኒን ማለት ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሱ ምላሳችሁን የሚይዛችሁ፣ አፍን የሚያደርቀው ነገር ነው። ወይኑን ለዓመታት ደግፎ የሚያቆየው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

መንደሩም ልዩነት ያመጣል። ከሴራሉንጋ ዳልባ የሚመጣው ጠንካራና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የላ ሞራው አብዛኛውን ጊዜ ለስለስ ይላል፣ መዓዛውም ቶሎ ይከፈታል። አንድ ጠርሙስ ብቻ ለመግዛት አስባችሁ ብዙ መጠበቅ ካልፈለጋችሁ፣ እኔ የላ ሞራውን እላችኋለሁ።

ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ማስላት

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው፣ እሱም በፈረንጆች አቆጣጠር። 2016 ከተባለ በእኛ 2009 መባቻ ላይ የተለቀመ ነው ማለት ነው።

በጣም ቶሎ መክፈት፣ ወይም ጭራሽ አለመክፈት

በሕጉ መሠረት ባሮሎ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ሪዘርቫ የተባለው 62 ወር ይቆያል። ሰው ይህን ሲሰማ «በቃ ደርሷል» ብሎ ይከፍተዋል። ከዚያ አፉ ይደርቅና «ይሄ ነው እንዴ የተወራለት?» ይላል። ጥሩ ባሮሎ ከተለቀመ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው መገራት የሚጀምረው። ታኒኑ ይለዝባል። የጽጌረዳው ሽታ ላይ የቅጠል፣ የቆዳና የሬንጅ ሽታ ይጨመርበታል። ሬንጅ ስል አትደንግጡ፣ ደስ የሚል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «ለትልቅ ቀን» እያሉ ሠላሳ ዓመት የሚያስቀምጡ አሉ። ከ2010 እና ከ2016 ጥሩ ምርት የተሠራ፣ በጥሩ ቦታ የተቀመጠ ባሮሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። አቅሙ ካላችሁ ከአንድ ዓይነት ሁለት ሦስት ጠርሙስ ግዙ። አንዱን በስምንተኛው ዓመት ክፈቱና ቅመሱ። አሁንም አፍ የሚይዝ ከሆነ ሌሎቹን ተዉአቸው።

ሲከፍቱ መቸኮል

ያረጀ ባሮሎ ከሥሩ አተላ አለው። ከመክፈታችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አተላው ይረጋ። ከዚያ ሳታናውጡ ክፈቱና በዝግታ ወደ ሌላ ማንቆርቆሪያ ገልብጡት። የስልካችሁን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር ያዙ። ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ወደ አንገቱ ሲመጣ ካያችሁ እዚያ ላይ አቁሙ። ወጣት ባሮሎ አንድ ሁለት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይጠቀማል። በጣም ያረጀውን ግን ወዲያው ቅዱት፤ ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

ቀለሙ ፈዛዛ ከሆነ አትጨነቁ። የኔቢዮሎ ቀለም ከወጣትነቱም ሳሳ ያለ ነው፣ ሲያረጅ ወደ ጡብ ቀለም ይጠጋል።

ከቀይ ወጥ ጋር ማቅረብ

ዶሮ ወጥ እወዳለሁ፤ ከባሮሎ ጋር ግን አይሄድም። በርበሬና ታኒን ሲገናኙ ማቃጠሉም መምረሩም ይብሳል፣ የወይኑ መዓዛም ይጠፋል። በአገሩ በቀስታ ከበሰለ የበሬ ሥጋ ጋር ነው የሚበላው። በእኛ ቤት የተስማማው የበግ ጥብስ ነው። የጥብስ ቅጠል በደንብ ገብቶበት፣ ቃሪያው ቀርቶ፣ አዋዜው ለብቻው ዳር ተቀምጦ።