የድሮ ስፖርት መኪና ሞተር ዘይት ሲያፈስ፦ ምንጩን ማግኘትና ማስቆም

የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው መኪናው ባደረበት ቦታ የዘይት ጠብታ ባየ ቁጥር የሚሰማው ምክር «የድሮ መኪና ነው፤ ማፍሰሱ አይቀርም» የሚል ነው። ይህን ምክር አልቀበለውም። ሞተር ዘይቱን ይዞ እንዲቆይ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ካፈሰሰ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም በትዕግሥት ከተፈለገ ይገኛል። ለምሳሌ የምወስደው ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለሕዝብ የቀረበው ይህ መኪና አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለውና ካምሻፍቶቹን በላስቲክ ቺንጋ የሚያዞር ሞተር አለው። ከፊት ኦሊሲሎች (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳያልፍ ከሚይዙት ቀለበቶች) የሚወጣ ዘይት ይህን ቺንጋ ያርሰዋል፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ደግሞ ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል። በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይትም እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነገሩን በቸልታ ማለፍ አይገባም።

ሥራው የሚጀምረው በማጠብ ነው። አዳማ ነፋስና አቧራ የማያጣት ከተማ በመሆኗ የሚያፈስ ሞተር በአጭር ጊዜ ውስጥ በጥቁር ጭቃ ይሸፈናል፤ ከዚህ ጭቃ ሥር ምንጩን መለየት ደግሞ አይቻልም። ካርቡራተሩንና ዲስትሪቢውተሩን በፕላስቲክ ሸፍነው፣ የቀዘቀዘውን ሞተር በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይጠቡት፤ በቤንዚን ማጠብ አደገኛ ነው። ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት መገጣጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነስንሱ። ከዚያም መኪናውን እስከ ወንጂ ደርሶ መልስ ይንዱትና ኮፈኑን ይክፈቱ። በነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ወርዶ ያገኛሉ፤ የመስመሩ የላይኛው ጫፍ ምንጩን ያሳያል። ዘይት ወደ ታች እንደሚወርድና በጉዞ ላይ ነፋስ ወደ ኋላ እንደሚገፋው ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፍለጋው ጠብታው ከተገኘበት ቦታ ሳይሆን ከላይኛውና ከፊተኛው እርጥብ ቦታ መነሳት አለበት። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ የታየ ዘይት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከካምሻፍት ክዳን ነው።

ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ይፈትሹ፤ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይህ ነውና። በፒስተን ፋሻዎች (ፒስተኑን በከበቡት የብረት ቀለበቶች) በኩል የሚያልፈው ጋዝ በመተንፈሻው ቱቦ መውጣት አለበት፤ ቱቦው በዝቃጭ ከተደፈነ ግን በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠርና ዘይቱን በደከመው ኦሊሲል በኩል ይገፋዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ኦሊሲል መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ቱቦውን አውልቀው ይጠቡ፤ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ይህ ከተደረገ በኋላ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ታፖ ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚገፋ ከሆነ ግን ችግሩ ከፋሻው ስለሆነ ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

ከጋስኬቶቹ (በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ ከሚገቡት ማሸጊያዎች) መካከል ቀላሉ የካምሻፍት ክዳኑ ነው። አሮጌውን ጋስኬት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት፤ በካቻቪቴ የተጫረ አሉሚኒየም አዲስ ጋስኬት ቢገባለትም ማፍሰሱን አይተውም። ከክዳኑ በታች ካምሻፍቱ የተቀመጠበት ቤት ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያለው ጋስኬት ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጋራዦች የጋስኬት ወረቀት በእጅ ቆርጠው ያዘጋጃሉ፤ ግፊት ለሌለበት ክዳን ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። በዚህ ቦታ ግን የጋስኬቱ ውፍረት የቫልቭ ክፍተቱን ስለሚለውጥ ትክክለኛውን ጋስኬት መግጠምና ክፍተቱን እንደገና መለካት ግዴታ ነው።

የቆርቆሮ ኮፓ ጠርዝ ደግሞ በኃይል ከመጥበቅ የተነሳ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያብጣል። ኮፓውን በወፍራም መስታወት ላይ ደፍተው ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ ይለዩና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ያስተካክሉት። ሲገጥሙ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በተቃራኒ ጎን እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። ጋስኬቱ ላይ ሲሊከን መለደፍን አልመክርም፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ተቆርሶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

የፊት ኦሊሲሎችን ለመቀየር ቺንጋው መውረድ ስላለበት አስቀድመው የጊዜ ምልክቶቹን ያገጣጥሙ፤ ቺንጋው ከወረደ በኋላም ኮሎውንም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ሆነ ካምሻፍቱን አያዙሩ። አሮጌ ኦሊሲል በሙቀት ደርቆ እንደ ቀንድ ስለሚጠነክር ሲወጣ መቀመጫውን እንዳይጭር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዘንጉን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱን ኦሊሲል ቦታው በሚፈቅደው መጠን አሮጌው ከነበረበት አንድ ሚሊሜትር ያህል አራርቀው ያስገቡ፤ ያኔ ከንፈሩ ባልተበላ የዘንጉ ክፍል ላይ ያርፋል። ስፕሪንግ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዙር፣ ከንፈሩም ዘይት ይቀባ። ለዚህ መኪና ተብሎ የመጣ ኦሊሲል አዳማ ላይ ባይገኝ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ አሮጌው ላይ የታተሙት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊሜትር የሚገልጹ ስለሆኑ የመለዋወጫ ሱቅ በቁጥሩ ሊያገኘው ይችላል። ምርጫ ካለ ሙቀት የሚችለውን ቫይቶን የተባለ የላስቲክ ዓይነት ይውሰዱ። ዘይት የነካውን ቺንጋ አጥቦ መመለስ ግን አይገባም፤ ይቀየር።

ጠብታው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ከሆነ ካምቢዮ ለማውረድ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ከሞተሩ ጀርባ ከላይ የሚወርድ ዘይት አለመኖሩን፣ የዘይት ግፊት መጠቆሚያው አለማፍሰሱን ይመልከቱ። ጠብታውንም ያሽቱት፤ የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና የድኝ ሽታ ያለው ነው። የኋላው ኦሊሲል መሆኑ ከተረጋገጠ ካምቢዮው በወረደበት አጋጣሚ የፍሪሲዮኑን ሸራ ማየት ይገባል። ከመኪናው ሥር ሲገቡ ክሪክን ብቻ አይመኑ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍበት።

ሥራው ሲያበቃ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት እንዳያልፍ አድርገው ይሙሉ። ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ የክዳኑንና የኮፓውን ብሎኖች በትክክለኛው ልክ እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ጋስኬት ሲረግጥ ብሎኖቹ ይላላሉና።