ከትከሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ሕመም በነርቭ ማደንዘዣ ማስታገስ፦ ለታካሚና ለአስታማሚ

የተበጠሰ የትከሻ ጅማት የተሰፋለት ወይም መገጣጠሚያው የተቀየረለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሰማው ሕመም እጅግ ብርቱ ነው። ይህን ሕመም ለማስታገስ የማደንዘዣ ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ዘዴ ከአንገት ወደ ትከሻና ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች በአልትራሳውንድ እያዩ ማደንዘዝ ነው። መርፌው የባለሙያው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም ማለፉ ግን በአብዛኛው በታካሚውና በአስታማሚው ዝግጅት ላይ ይወሰናል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ስለ ሳንባዎ በግልጽ ይናገሩ። ዲያፍራም የተባለውን ዋና የመተንፈሻ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው በአንገት በኩል ስለሚያልፍ፣ በተለመደው 20 ሚሊ ሊትር ገደማ መጠን ሲሰጥ መርፌው በገባበት ወገን ያለው የዲያፍራም ግማሽ በአብዛኛው ታካሚ ላይ ለጊዜው ይዝላል። ጤነኛ ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል፣ ባለሙያው መጠኑን ይቀንሳል ወይም በትከሻ ጀርባ በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ብቻ ያደነዝዛል። «አስሜ ቀላል ነው» ብለው አይለፉት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ክንድዎ ላይ ቀድሞም መደንዘዝ ካለ ይህንንም ይንገሩ።

መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የሚሠራው ትከሻ የቀኝ ይሁን የግራ በድምፅ ይረጋገጣል፤ እርስዎም በእጅዎ ያሳዩ። ከዚያ ፊትዎን ወደ ሌላኛው ወገን ያዞራሉ፣ አንገትዎ በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳል፣ ቀዝቃዛ ጄል የተቀባው የአልትራሳውንድ መሣሪያም ከአንገትዎ ሥር ያርፋል። በስክሪኑ ላይ ነርቮቹ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ከላይ ወደ ታች እንደ ተደረደሩ ጥቁር ክቦች ይታያሉ፤ ባለሙያዎች ከትራፊክ መብራት ጋር የሚያመሳስሏቸውም ለዚህ ነው። መርፌው ከጎን እንደ ነጭ መስመር ሲገባ፣ መድኃኒቱም ነርቮቹን ሲከባቸው በዓይን ይታያል። የእርስዎ ድርሻ አለመንቀሳቀስና የሚሰማዎትን ወዲያውኑ መናገር ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደ ያዘዎት ያለ ንዝረት ወደ ክንድዎ ከወረደ፣ አፍዎ ብረት ብረት ካለዎት፣ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም ከንፈርዎ ከደነዘዘ አይታገሡ። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ምልክቶች አንዱም ቢሆን መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክት ይችላል።

ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ክንዱ ይከብዳል፣ ይደነዝዛል። በዚያው ወገን የዓይን ሽፋን መውረድና የድምፅ መጎርነን ከታየ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ሁለቱም መድኃኒቱ ሲለቅ የሚመለሱ ናቸው። ድምፅዎ ከጎረነነ የመጀመሪያውን ውኃ ቀስ ብለው ይጎንጩ። የደነዘዘ ክንድ ሙቀትም ግፊትም ስለማይሰማው፣ ሁልጊዜ በማንገቻው ውስጥ ይሁን፤ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ አጠገብ አይቀመጡ።

ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ማደንዘዣው ስለሚለቅበት ሰዓት ነው። በአንድ መርፌ የተሰጠ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተሰጠው ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ሊለቅ ይችላል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። አንድ ታካሚዬ ማታ ምንም ሕመም ስላልተሰማው ኪኒኑን ሳይውጥ ተኛ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ አስታማሚዋ እህቱ ስትደውልልኝ፣ ከስልኩ ወዲያ ጩኸቱ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚዋጥ ኪኒን እስኪሠራ ድረስ ያለው ጊዜ በጣም ረጅም ነው። ስለዚህ መርፌው የተሰጠበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የታዘዘልዎትን ማስታገሻ፣ ለምሳሌ በየ6 ሰዓቱ የሚወሰድ ፓራሲታሞል፣ ሕመም ባይኖርም ከመተኛትዎ በፊት ይዋጡ፤ አስታማሚውም ለቀጣዩ ሰዓት የስልክ ደወል ይሙላ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉትን ግን ኩላሊትና ጨጓራን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ሐኪም ካላዘዘ አይጨምሩ። በትራስ ተደግፎ ከፊል ተቀምጦ መተኛት ለትከሻውም ለትንፋሹም ይረዳል።

ትንፋሽ እየባሰ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ጣቶችዎ ከጠቆሩና ከቀዘቀዙ በማንኛውም ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መደንዘዙ ወይም የክንዱ አለመታዘዝ ከ48 ሰዓት በኋላም ካልለቀቀ፣ የቀጠሮዎን ቀን ሳይጠብቁ ማደንዘዣውን ለሰጠዎት ክፍል ያሳውቁ።